ለኔስሪን የተሳለ ስንቅ

ያንን ክረምት የሰፈራችን ሴት ሁሉ ታስታውሰዋለች። ጭላሎ ጉሙን ተከናንቦ ፊቱን አላሳይ ያለበት፣ ዝናቡ ጠዋት ጀምሮ ከሰዓት የሚብስበት፣ ጭቃው ጫማ የሚነጥቅበት ክረምት ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ባለው ብርድ የአሰላ ሰው በጊዜ በሩን ዘግቶ ከብርድ ልብሱ ይገባል። ያን ክረምት ግን ከዜና በኋላ ቤቱ የሚገኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም እትዬ በቀለች ቤት ነበር፤ ደጃፏ ላይ የተደረደረው ጭቃማ ጫማ ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር።

ነገሩ ድራማ ነው። የራሱ ስም ነበረው፤ በስሙ የጠራው ግን የለም፣ «እስር ቤቱ» ነበር የምንለው። «ነይ ቶሎ፣ እስር ቤቱ ጀመረ!» ትላለች አንዷ በአጥር ላይ፣ ሌላዋ ድስቷን እሳት ላይ ትታ ትሮጣለች። ከቱርክ አገር መጥቶ ወደ አማርኛ የተመለሰ የሴቶች እስር ቤት ታሪክ ነው። ኔስሪን የምትባል ዓይነ ትልልቅ ሴት ባልሽን ገድለሻል ተብላ በሐሰት ትታሰራለች፤ ልጇንም እዚያው ትወልዳለች። ጉልሱም የምትባል የእስረኞቹ አለቃ ደግሞ አለች፣ የኔስሪንን ሳህን እየነጠቀች ፊቷ ላይ የምትበላ። እሷን የሚጠላት ሰው ብዛቱ! ያኔ አሰላ ውስጥ ብትገኝ ኖሮ የሚያስጥላት አልነበረም።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ያለቀባት ማታ ደግሞ ከሁሉ ትበልጣለች። ኔስሪንን ሁለት ጠባቂዎች ይዘው ወደ ጨለማ ቤት ደረጃውን ሲያወርዷት፣ አንድ እግሯ ገና ደረጃው ላይ እያለ፣ መብራት ጠፋ። ቤቱ በጩኸት ተሞላ። ጸጉር ሠሪዋ ኢፍቱ «መንገድ ዳር ያለው ሻይ ቤት ጄኔሬተር አለው!» ስትል ሰው ሁሉ ዝናቡን ረስቶ ወጣ። አስተማሪዋ ማሂ የግራ ጫማዋን ጭቃው አስቀርቶባት በአንድ ጫማ ሮጠች። ልብስ ሰፊው በዛብህ፣ ሁልጊዜ «ክብሪት ልለምን ነው የመጣሁት» እያለ ቆሞ የሚያየው ሰውዬ፣ ከሴቶቹ ሁሉ ቀድሞ ደረሰ። ሲደርሱ የተዋንያኑ ስም እየተጻፈ ነበር፤ ቀጥሎ «ምዕራፍ ሁለት በቅርብ ቀን» የሚል ወጣ። እንደበሰበሱ ተያይተው ሳቁ። እንዲያ ያለ ሳቅ ዛሬ ከየት ይመጣል!

እትዬ በቀለች ቁመቷ አጠር፣ ድምጿ ረዘም ያለ ሴት ናት። ባሏ ወንደሰን የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ዝምተኛ ሰው፣ ካረፈ ቆይቷል። ግድግዳ የሚያክለውን ቴሌቪዥን የላከላት ሐዋሳ ያለው ልጇ በእውቀቱ ነው፣ «እማዬ ብቻሽን እንዳትሆኚ» ብሎ። ብቻዋንማ መች ሆነች! ማሂ ግቢዋ ውስጥ ተከራይታ ትኖራለች፣ የሕፃናት አስተማሪ ናት። ኢፍቱ ከአጥሩ ወዲያ ናት፤ የኦጎልቾ ልጅ፣ እጇ ጸጉር ሲሠራ አፏ ወሬ የሚሠራ። በቀለችም ድራማ ተቀምጣ የምታይ ሰው አይደለችም። ትነሣለች፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ትጠጋለች፣ ጣቷን ትቀስራለች።

«ዞር በይ፣ ከኋላሽ ናት! ዞር በይ አልኩሽ እኮ!»

«አዴ በቀለች፣ አትሰማዎትም» ትላለች ኢፍቱ።

«ካልሰማችኝ ጥፋቱ የሷ ነው! እኔ ነግሬያታለሁ።»

ይህን ሁሉ ስትጮኽ ታዲያ አንድ ነገር ማንም አያውቅባትም ነበር። እሷ ራሷ ታስራለች። እዚሁ አሰላ፣ እዚያው ዛሬ ማረሚያ ቤት በሚባለው ግቢ፣ ገና በልጃገረድነቷ። በዚያ ዘመን ስንዴ ይዞ ኬላ ማለፍ ክልክል ነበር፤ እሷ ደግሞ ከሳጉሬ ገዝታ ናዝሬት ልትሸጥ ስትል ኢተያ ላይ ተያዘች። አባቷ ኩሩ ሰው ነበሩ፣ አያት ቅድመ አያታቸው ከሸዋ መጥተው አርሲን ያቀኑ እየተባለ የሚነገርላቸው፤ «ወህኒ የገባች ልጅ የለችኝም» ብለው እናቷንም እህቶቿንም ከለከሉ። ስትፈታ ከባሏ በቀር ለማንም አልነገረችም። ለልጇ እንኳ ያንን ጊዜ «ኦጎልቾ አክስቴ ጋ ነበርኩ» ነው ያለችው። ገበያ ስትወጣም በማረሚያ ቤቱ በር የሚያልፈውን አጭሩን መንገድ ትታ ዙሪያውን ትሄድ ነበር። ለምን ሲሏት «ዳገቱ ጉልበቴን ያመኛል» ትላለች። የምትዞርበት መንገድ የባሰ ዳገት ነው፤ ማንም ልብ አላለውም።

ኅዳር ላይ፣ ስንዴው ደርሶ ኮምባይነሮቹ በየመንገዱ ሲያጓሩ፣ ምዕራፍ ሁለት ጀመረ። በመጀመሪያው ማታ በቀለች ቤት ቦታ ታጥቶ ሰው መስኮት ላይ ተቀመጠ። በዛብህ ይህን ጊዜ ክብሪት አልለመነም፤ ወንበሩን ከቤቱ ተሸክሞ መጣ።

«ዛሬ ክብሪቱ ቀረ?» አለችው ኢፍቱ።

«ተይኝ እባክሽ! ጉልሱም ምን እንደምትሆን ሳላይማ አልሞትም።»

ኔስሪን ከጨለማ ቤት ስትወጣ ጸጉሯ ተላጭቶ ነበር። ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱ። ኢፍቱ «ያ ረቢ! ያን የመሰለ ጸጉር!» ብላ የምር አለቀሰች፤ በነጋታው ጸጉር ቤቷ የመጣ ሰው ሁሉ ስለዚያ ጸጉር ሲሰማ ዋለ። ማሂ በስልኳ ሰው የጻፈውን እየፈለገች ታነባለች። «አንዷ ከሻሸመኔ ‹ጉልሱምን አሳልፋችሁ ስጡን› ብላለች። አንዱ ደግሞ ‹ዳኛው ጉቦ በልቷል› ይላል።»

«ጻፊለት!» ትላለች በቀለች። «እኔም ብያለሁ በዪው! ከዓይኑ ያስታውቃል በዪው!»

እንዲህ እንዲህ እያለ የጥየቃ ቀን የሚታይበት ክፍል መጣ። የሁሉም ዘመድ መጥቶ በየጠረጴዛው ተቃቅፎ ይላቀሳል፤ ኔስሪን ብቻ ልጇን ታቅፋ ከመስኮቱ ሥር ቆማለች። በቀለች ተነሣች። ይህን ጊዜ ግን ጣቷን አልቀሰረችም።

«ምን ዓይነት አገር ነው? አንድ ሰው እንኳ ስንቅ አይዝላትም?»

«እማማ፣ እዚያ አገር እስር ቤቱ ራሱ ያበላቸዋል» አለች ማሂ።

«መብላትና ስንቅ አንድ ነው እንዴ? ሆድማ በምንም ይሞላል። ስንቅ ማለት በሩ ላይ ስምሽ ሲጠራ ነው! ሁሉም ተጠርታ ያንቺ ስም ሳይጠራ በሩ ሲዘጋ...» አለችና ድንገት አቆመች።

በዛብህ ዞር ብሎ አያት። «እትዬ፣ እርስዎ ይህን በምን አወቁ?»

«ሰው ሲያወራ ሰምቼ» አለችና ተቀመጠች። ፊቷ ቀልቶ ነበር። ያን ነገር ለመሸፈን ይሁን ወይ ልቧ ሞልቶባት፣ ወዲያው እጆቿን ወደ ጣሪያው ዘረጋች። «ገብርኤል ሆይ! ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ! ይህቺን ልጅ ከዚያ ቤት አውጣልኝ፤ ካወጣህልኝ በታኅሣሥ በዓልህ ለሴት እስረኞች ስንቅ ይዤ እሄዳለሁ!»

መጀመሪያ የሳቀችው ማሂ ናት። «እማማ! ለድራማ ይሳላል እንዴ?»

«ደግሞስ ኔስሪን እስላም አይደለች?» አለ በዛብህ። «ገብርኤል ምን አገባው?»

ኢፍቱ ዘላ ተነሣች። «እንዴት ምን አገባው? ጅብሪል እኮ የኛም ነው! አዴ፣ እኔም አለሁበት። ከተፈታች ጩኮውን እኔ እችላለሁ፤ ገብሱን ቆልቼ አስፈጭቼ፣ ቅቤውን ከኦጎልቾ አስመጥቼ!»

ሁሉም እየሳቀ ተለያየ። በቀለች ግን ብቻዋን ስትቀር ያለችው ነገር ገባት። የተሳለችው በዚያ በር ልትገባ ነው። ያን ሁሉ ዘመን የሸሸችውን በር በገዛ አፏ፣ ያውም ሰው ፊት፣ በታቦት ስም ጠራችው።

የነፍስ አባቷ አባ ገብረ መድህን ቤቷን ጠበል ሊረጩ የመጡ ዕለት፣ ቀስ ብላ አነሣችባቸው። «አባቴ፣ ሰው ለሌለ ሰው ቢሳል... ስለቱ ያዛል?»

«ለሞተ ሰው ማለትሽ ነው?»

«አይ፣ ጭራሽ ላልነበረ። ለምሳሌ... ቴሌቪዥን ላይ ላለ።»

አባ ገብረ መድህን መስቀላቸውን አሻሹ። «ለኔስሪን ነው?» አሉ።

«አባቴ! እርስዎም ያያሉ?»

«ዲያቆኑ ሲያይ በመስኮት አልፎ አልፎ ይታየኛል» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስሚኝ ልጄ። ሴትየዋ ባትኖርም የጠራሽው መልአክ አለ። እስረኞቹም አሉ። ተሳልኩ ካልሽ ማድረስ ነው።» ወጥተው ከበሩ ሲደርሱ ደግሞ ተመልሰው «ይፈርዱላታል ግን?» አሉ።

ከዚያ ወዲያ በቀለች ድራማውን የምታየው በሁለት ልብ ሆነ። ግማሹ ልቧ ኔስሪን ትፈታ ይላል፤ ግማሹ ደግሞ ፍርዱ በተራዘመ ቁጥር እፎይ ይላል። ዳኛው «ለሚቀጥለው ቀጠሮ» ባለ ጊዜ ሰው ሁሉ ሲራገም እሷ ብቻ ውኃ ጠጣች።

ታኅሣሥ ገብርኤል እሑድ ሊውል ነበር። የፍርዱ ክፍል ሐሙስ ማታ መጣ። ያን ማታ መብራት እንዳይጠፋ ኢፍቱ ዱዓ አደረገች፣ ማሂ ሻማ ለኮሰች፣ በዛብህ ደግሞ የጎረቤት ሰው ሁሉ ምጣዱን እንዲያጠፋ በየቤቱ እየዞረ ለመነ። ዳኛው ተነሣ። ጉልሱም በመጨረሻው ሰዓት መጥታ ነበር፣ ያቺ ክፉ! ምስክር ሆና ቆማ፣ ገዳዩ ማን እንደሆነ አየሁ ብላ፣ እያለቀሰች። «ጉልሱምዬ!» ሲል የሰማነው በዛብህን ነው። ዳኛው መዶሻውን አነሣ፣ «በነጻ» አለ።

እልልታው! የጎረቤት ውሻ ሁሉ ጮኸ። ኢፍቱ በዛብህን አቅፋ ጨፈረች፣ ከዚያ ማንን እንዳቀፈች ሲገባት ገፈተረችው። ከመንገድ ማዶ ያሉ ሰዎች ሠርግ መስሏቸው «የማን ልጅ ነው የተዳረችው?» እያሉ መጡ፤ ነገሩን ሲሰሙ እነሱም እልል አሉ። በቀለችም እልል ብላለች። እልልታዋ ግን መሐል ላይ ተቋረጠ።

ዓርብ ጠዋት ወደ ጸጉር ቤቱ ሄደች። «ኢፍቱዬ፣ ጉልበቴን ሰሞኑን ሰቅዞኛል። ስንቁን እኔ ላዘጋጅ፣ አንቺ አድርሺልኝ።»

ኢፍቱ ማበጠሪያውን አስቀመጠች። «አዴ፣ ስለት በሰው እጅ ይደርሳል እንዴ? የኛም ነዝር እንደዚያው ነው። ባጃጅ እንይዛለን። ካስፈለገ በዛብህ ያዝልዎታል።»

ቅዳሜን ስታዘጋጅ ዋለች። ጾም ስለሆነ በአርሲ ስንዴ ድፎ ጋገረች፣ ድንች አልጫ ሠራች፣ ቆሎ ቆላች። በሶውን ግን ለየት አድርጋ በኑግ ዘይት ለወሰችው።

ማሂ አይታ ገረማት። «በሶ በዘይት? እንዲህ ሲሠራ አይቼ አላውቅም።»

«አንዲት የገበያ ወዳጅ ነበረችኝ፣ እሷ ያሳየችኝ ነው» አለች በቀለች።

ኢፍቱ ጩኮዋን በቅል አድርጋ ለሙስሊሞቹ ያዘች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሁለት ባጃጅ ሞልተው ሄዱ። በሩ ተለውጧል፤ ያኔ ቆርቆሮ ነበር፣ አሁን ሰማያዊ ብረት ነው። በቀለች ከባጃጁ ወርዳ ብረቱን አልለቅ አለች፤ ማሂ ጉልበቷ መስሏት ደገፈቻት። በሩ ላይ ያለችው ፖሊስ ቅርጫቶቹን ከፍታ አየችና፣ ያችኑ ጥያቄ ጠየቀች።

«ለማን ነው?»

ያኔም እንዲሁ ነበር የሚጠየቀው። ከውስጥ ሆና፣ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ፣ የእሷ ስም እስኪባል የምትጠብቀው ጥያቄ።

«ሰው ለሌላት» አለች።

ፖሊሷ ቀና ብላ አየቻት። «የገብርኤል ስለት ነው?»

«አዎ ልጄ።»

«ይግቡ እማማ። በዓል ስለሆነ ሁሉም ግቢው ውስጥ ናቸው። ብቻ ቶሎ በሉ፣ ከሰዓት ድጋሚው ሲጀመር የሚያዳምጣችሁ አታገኙም። ማታ ማታ በር ስለሚዘጋባቸው የሳምንቱን ድራማ በሙሉ እሑድ ነው የሚያዩት።»

ኢፍቱና ማሂ ተያዩ። እዚህ ያሉት ሴቶች የሐሙሱን አላዩም! ማሂ ጎንበስ ብላ በበቀለች ጆሮ «እማማ፣ አደራ! ኔስሪን መፈታቷን እንዳይናገሩ!» አለቻት። በዛብህ ቅርጫቱን ለፖሊሷ አስረክቦ ከበሩ ውጭ ቀረ፤ ወንድ አይገባም።

የሴቶቹ ግቢ ፀሐይ ሞልቶበት ነበር። ገመድ ላይ ልብስ ተሰጥቷል፣ ጥግ ላይ ሁለቱ ሹራብ ይሠራሉ። ቴሌቪዥኑ አዳራሹ ውስጥ ተከፍቶ፣ አንዳንዶቹ ገና ሳይጀመር ቦታ ይዘዋል። ድፎውን ሲያዩ ከበቧቸው። ከሁሉ ታላቅ የሆነች፣ ነጠላዋን ያጣፋች እስረኛ ዳቦውን ለመባረክ ተቀበለችና፣ ሳትቆርስ በቀለችን አየቻት።

«እማማ፣ ስለትዎ ምን ነበር?»

በቀለች ቅርጫቱን ማስተካከል ጀመረች።

«ሠምሮልዎት አይደል የመጡት? ይናገሩና እልል እንበልልዎት። ስለት ሳይነገር አይቀመስም።»

እውነቷን ነው። ስለት ያደረሰ ሰው የለመነውን በአደባባይ ይናገራል፤ ዝም ካለ ምስጋናው ጎደለ። በቀለች ማሂን አየች፤ ማሂ ራሷን በኃይል ነቀነቀች። ኢፍቱን አየች፤ ኢፍቱ አፏን በሻርፗ ሸፈነች። በቀለች ዓይኗን ጨፈነችና «ኔስሪን ተፈታች» አለች።

ከዚያ ግቢው ፈነዳ።

«ምን!»

«እማማ! ሳምንቱን ሙሉ ጠብቀን!»

«ኧረ ዝም በሉ፣ አትጨርሱብን!»

«ተፈታች ነው የሚሉት? በነጻ? ማን መሰከረላት?»

«ጉልሱም» አለች በቀለች፣ አንዴ ከአፏ ስለወጣ።

«ጉልሱም?!» አንዷ ሹራቧን ወረወረች። አንዷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እየሳቀች አለቀሰች። አንዷ ደግሞ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ወደ አዳራሹ እየሮጠች «እኔ አልሰማሁም! እኔ አልሰማሁም!» ትላለች። ታላቋ እስረኛ እልልታውን ለቀቀችው፣ ሁሉም ተቀበሏት። ከበሩ ውጭ የቆመው በዛብህ እንኳ ሲያጨበጭብ ተሰማ።

እልልታው ሲበርድ አንድ ድምፅ ብቻውን ቀረ። ግድግዳውን ተደግፋ የተቀመጠች ከሲታ ልጅ ናት፣ መቅደላዊት የሚሏት፤ ዳቦውንም አልተጠጋችም።

«ደስ ይላል» አለች። «ከውጭ ሆናችሁ ለድራማ ሴት ትሳላላችሁ። እኛን የምታውቁን ስትሳሉ ብቻ ነው።»

ታላቋ እስረኛ ልትገሥጻት አፏን ስትከፍት በቀለች እጇን አነሣች። ኢፍቱና ማሂ አጠገቧ ቆመዋል፤ አሁን የምትለውን ማታ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማዋል፣ ነገ ሐዋሳ ይደርሳል። በቀለች ይህንን ታውቃለች። ግን ልጅቷ የተቀመጠችበት ቦታ፣ እዚያች ግድግዳ ሥር፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያርፍባት ቦታ ነበረች።

«እኔም እዚያ ነበር የምቀመጠው» አለች።

«የት?»

«አንቺ ያለሽበት። ያኔ ግድግዳው ጭቃ ነበር። ታስሬ ነበር እኮ፣ እዚሁ።»

የማሂ ነጠላ ከትከሻዋ ወደቀ። ኢፍቱ «ወላሂ?» አለች በቀስታ።

«ምን አድርገው?» አለች መቅደላዊት።

«ፍራሽ ሰፍቼ።»

«ፍራሽ መስፋት ያሳስራል?»

«ጭድ በመሙላት ፈንታ ስንዴ ከሞላሽው ያሳስራል። በዚያ ዘመን እህል ኬላ አያልፍም ነበራ! ፍራሹን ዳር ዳሩን ጭድ ጠቅጥቄ፣ መሐሉን የሳጉሬ ስንዴ ሞልቼ፣ መኪና ላይ አስጭኜ ‹ሙሽራ ነኝ፣ የጎጆ ዕቃዬ ነው› አልኩ። ኢተያ ላይ ፈታሹ ወጣ። ሁሉን በረበረ፣ ምንም አላገኘም። ‹በይ እንኳን ደስ ያለሽ› ብሎኝ ሊወርድ ነው! ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ‹ደክሞኛል፣ እስቲ የሙሽራን ፍራሽ ልሞክረው› ብሎ ዘጭ አለበት።» በቀለች አጨበጨበች። «እንደተቀመጠ ቀረ። ዓይኑ ፈጠጠ። ‹ሙሽሪት› አለኝ፣ ‹ባልሽ በዚህ ላይ ሊተኛ ነው? ወገቡ ይሰበራል እኮ!›»

ሳቁ ከእልልታው በለጠ። መቅደላዊትም ሳቀች፤ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነክሳ ነበር፣ አልቻለችም። ኢፍቱ ሆዷን ይዛ «አዴ! ከጉልሱም ይበልጣሉ እኮ!» እያለች እንባዋን ጠረገች።

«ታዲያ ስንቅ ማን ያመጣልዎ ነበር?» አለች መቅደላዊት፣ ሳቁ ሲያልፍ።

«ማንም። አባቴ ከልክለው ነበር። እሑድ እሑድ ስም ሲጠራ እሰማለሁ፣ በሩ ይዘጋል። አንድ ቀን ‹በቀለች!› ተባለ። ሌላ በቀለች መስላኝ ዝም አልኩ። ለካ እኔ ነኝ። አንዲት የኦጎልቾ እስላም ሴት፣ ጁወይሪያ የምትባል፣ እህቷን ልትጠይቅ ስትመጣ እህቷ ነግራት ኖሯል፣ እዚህ አንዲት የማትጠራ ልጅ አለች ብላ። ስሜን ጠይቃ አስጠራችኝ። ጩኮ ነበር ይዛ የምትመጣው፤ እኔ ጾም ላይ መሆኔን ስትሰማ ለኔ ብላ በኑግ ዘይት ለወሰችልኝ። እስክፈታ ድረስ አንድም እሑድ አልዘለለችኝም።» በሶውን ከቅርጫቱ አወጣች። «ይኸውልሽ፣ እንደዚህ። ስትሞት ኦጎልቾ ሄጄ አልቅሻለሁ። ‹ምኗ ነሽ?› ሲሉኝ ‹የገበያ ወዳጇ› አልኩ። ያቺን ሴት የገበያ ወዳጄ አልኳት!»

ኢፍቱ መሳቋን ትታ ነበር። ማሂ የወደቀ ነጠላዋን እንኳ አላነሣችም።

መቅደላዊት በሶውን ተቀብላ ቀመሰች። «ጨው አንሶታል» አለች።

«ለሚቀጥለው እጨምራለሁ። የአባትሽን ስም ንገሪኝ፣ በሩ ላይ ያንቺን ስም ነው የምለው።»

ሌላ ወሬ አልተወራም፤ አዳራሹ ውስጥ የድራማው ዘፈን ስለጀመረ። ሴቶቹ ሁሉ እየተጋፉ ገቡ። ፖሊሷ «እንግዶች ሰዓት ደርሷል» ልትል መጥታ፣ ዳኛው ሲነሣ አይታ ረሳችው። የሚሆነውን ሁሉም ያውቁት ነበር፤ ቢሆንም «በነጻ» ሲል አዲስ እንደሰሙ ሁሉ ጮኹ። «እኔ አልሰማሁም» ስትል የነበረችዋ ከሁሉ በላይ ጮኸች። ጉልሱም ስትመሰክር ደግሞ በቀለች ተነሥታ፣ ጣቷን ቀስራ፣ «ቀድመሽ ብትናገሪ ምን ነበረበት!» አለቻት። መቅደላዊት ቀሚሷን ይዛ «እማማ ይቀመጡ፣ ጋረዱኝ» አለች።

ሲመለሱ ባጃጁ ውስጥ ወሬ የጀመረችው ኢፍቱ ናት። «አዴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሰውየው ተቀምጦ የቀረበት ፍራሽ... ስንዴው የት ገባ?»

«እነሱ በሉት፣ የት ይገባል!» አለች በቀለች። ሦስቱም ሳቁ፤ ከኋላ ባጃጅ ያለው በዛብህ ምን ተፈጠረ እያለ አንገቱን አወጣ። ባጃጁ በአጭሩ መንገድ ነው የተመለሰው።

ማታ ሰፈሩ ሰማ፤ በነጋታው በእውቀቱ ከሐዋሳ ደወለ። ማሂ ናት የነገረችው። «እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» ብሎ አለቀሰ ይባላል። በቀለች «አሁን ሰማህ አይደል? በል ዝጋው፣ ሊጀምር ነው» አለችው።

ምዕራፍ ሦስት ሊመጣ ነው እየተባለ ነው። ኔስሪን ከተፈታች በኋላ ምን ሊያሳዩን እንደሆነ እንጃ፤ በዛብህ የጉልሱም ታሪክ ነው ይላል። በቀለች ዛሬም አሰላ፣ እዚያው ቤቷ ናት። ባለፈው እሑድ ግን ቤቷ ሄዶ የፈለጋት ሰው አላገኛትም። በማረሚያ ቤቱ ሰማያዊ በር ፊት፣ በሶዋን በቅርጫት ይዛ፣ ለፖሊሷ የመቅደላዊትን ስም ከነአባቷ እየነገረች ነበር።